ሰፈሩን ያነሳሁ ዕለት

ካሜራ የገዛሁ ሰሞን ያየኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ስቱዲዮ ልትከፍት ነው?» አይደለም ስል «ሰርግ ልትሠራ ነዋ» ይሉኛል። እሱም አይደለም። «ታዲያ ለምንህ ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣለሁ። በዚህ ከተማ እንጀራ በማይሆነው ነገር ላይ ጊዜውን የሚያጠፋ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። እኔ ግን ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። ቀን ቀን መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ እዚያም ቢሆን የሽሮፕ ጠርሙስ ክዳን ካልተጫኑት ለምን እንደማይዞር ስመረምር ስንት ወረፋ የያዘ ሰው አስቆጥቻለሁ።

ካሜራው ያገለገለ ነው። የሸጠልኝ ጓደኛዬ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን መረቀልኝ። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከምርቃቱ ነው።

አንድ ቀን ስለ ፎቶ አነሳስ ሳነብ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር አገኘሁ። ካሜራ ዓይኑን ገልጦ ቶሎ ከከደነ የሚሮጠውንም የሚበረውንም ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ዓይኑን ለደቂቃዎች ገልጦ ከቆየ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር አይያዝለትም፤ አንድ ቦታ ረግቶ የቆየ ብቻ ይቀራል። መንገድ ላይ የሚተላለፈው ሰው ሁሉ ከፎቶው ይጠፋል ማለት ነው። ግድግዳው አለ፣ በሩ አለ፣ ሰው የለም።

እስቲ አስቡት። እኔ ኮልፌ ስኖር የሰፈራችንን መንገድ ባዶውን አይቼው አላውቅም። ከአስፋልቱ እስከ ግቢያችን ያለው ኮብልስቶን ምን እንደሚመስል ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ ሁልጊዜ እግር አለበት። ሽንኩርት የሚሸጠው አለ፣ ምጣድ ተሸክሞ የሚሄደው አለ፣ ከስፖንጅ ፍራሽ ሥር ሁለት እግር ብቻ የሚታየው አለ፣ «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች» እያለ ሰው የሚለቅመው ረዳት አለ። ከዚህ ሁሉ ሰው በታች ያለውን መንገድ የማየት ጉጉት ያዘኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ጉጉት ለምን አይባልም።

ችግሩ ፀሐይ ናት። ካሜራ በቀን ዓይኑን ለደቂቃዎች ገልጦ ከቆየ ፎቶው ነጭ ወረቀት ይሆናል። ብርሃኑን የሚያስታግስ ጥቁር መስታወት ያስፈልጋል አሉ፤ የት እንደሚሸጥ ግን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። በያጅ ሲበይድ ፊቱ ላይ የሚጋርደው መስታወት ትዝ አለኝና ከሰፈራችን ብረታ ብረት ቤት አንድ ትርፍ ለምኜ አመጣሁ። ፀሐይን አየሁበት፤ ሎሚ አክላ፣ አረንጓዴ ሆና ታየች። ሌንሱ ላይ የሚያያይዘው ነገር ደግሞ የለም። ከመድኃኒት ቤት ሌላ የማውቀው ሙያ ስለሌለኝ በቁስል ፕላስተር ዙሪያውን ጠቀለልኩት። ካሜራዬ ከድብድብ የተመለሰ መሰለ።

እዚህ ላይ አከራዬን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ስማቸውን ያወጣላቸው ሰው የጣሪያቸውን ነገር አስቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሳሎናቸው ውስጥ ባልዲ፣ ድስትና ጆግ ይደረደራል። ዘንድሮ ዕቁብ ደርሷቸው አዲስ ቆርቆሮ ገዙ። ቶሎሳ የሚባል ከአስኮ የሚመጣ አናጢ ቀጠሩ፤ ያን ቅዳሜ ጠዋት ጣሪያው ላይ ወጥቶ አሮጌውን ቆርቆሮ መንቀል ጀመረ። እሳቸው በሩ ላይ ዱካ አውጥተው ተቀመጡ። እትዬ ዘነበች ሠራተኛ ሲቆጣጠሩ ዓይናቸው እንኳ አይርገበገብም። ግንቦት እያለቀ ነበር፤ ከሰዓት ከሰዓት ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል።

እኔም ያን ጠዋት ሦስት እግሬን ይዤ መንገዱ ዳር ተተከልኩ። ንፋስ ነበር። ማቆሚያው ቀላል ስለሆነ ይወዛወዛል፤ ይህን ያህል ደቂቃ ደግሞ ፀጉር ታህል ከተነቃነቀ ፎቶው ገንፎ ነው። መላው ከመሐሉ ከበድ ያለ ነገር ማንጠልጠል እንደሆነ አንብቤያለሁ። ከጋሽ ክፍሌ ሱቅ የሚዛን ብረት ተውሼ በሲባጎ አንጠለጠልኩ። በማግስቱ ብርሃኑ ሲቀየር እዚያው ቦታ ላይ መልሼ ለማቆም ስላሰብኩ ደግሞ ሦስቱ እግሮች ያረፉበትን ድንጋይ ከግቢያችን በር ቀለም በተረፈው ቀይ ምልክት አደረግሁበት። ከሩቅ ስታዩት እንግዲህ፣ ሦስት እግር ያለው መሣሪያ፣ መሐሉ ላይ እንደ ግንበኛ ቱምቢ የተንጠለጠለ ብረት፣ ሥሩ ቀይ ቀለም፣ አጠገቡ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያነጣጥር ሰው ማለት ነው። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ጋሽ ክፍሌ ብረታቸው ለምን እንደተፈለገ ለማየት ከሱቃቸው ወጡ። በልጅነታቸው ከደቡብ ምዕራብ መጥተው ኮልፌ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። እሳቸው ያልሰሙት ወሬ እኛ ሰፈር ወሬ አይባልም።

«ምን ልታደርግ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ሰፈሩን ላነሳ ነው ጋሼ።»

መንገዱን ቁልቁል አዩ። «ዛሬ?»

«ግማሹን ዛሬ፣ የቀረውን ነገ ጠዋት።»

«ከየት እስከ የት?»

«ከአስፋልቱ እስከ እትዬ ዘነበች ግቢ።»

«ሰዉስ?»

«ሰው አይኖርም። ባዶ እንዲሆን ነው የምፈልገው» አልኩ፤ ፊቴ በደስታ እያበራ።

ጋሽ ክፍሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ በዚህ መሐል የካሜራውን ባትሪ አውጥቼ እያየሁ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ «ምትክ አለው?» አሉኝ።

ስለ ባትሪ መጠየቃቸው ገረመኝ፤ የሚጠይቅ ሰው እወዳለሁ። «አለው ጋሼ፤ ግን አንድ ብቻ ነው። እሱም ቶሎ ያልቃል።»

ኮፍያቸውን መልሰው ሳያጠልቁ ወደ ሱቃቸው ሄዱ። እኔ ካሜራው እንዳይነቃነቅ ጫፉ ላይ መጫኛ ባለው ገመድ ቁልፉን ጫንኩና ሰዓቴን እያየሁ ቆምኩ።

ፎቶው ሲወጣ ሰውነቴን ወረረኝ። መንገዱ ባዶ ነው። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ፍራሽ የለም። ኮብልስቶኑ መሐል ለመሐል እንደ ዓሣ አጥንት ተሰካክቶ እንደተነጠፈ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። በመስታወቱ ምክንያት ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆኗል እንጂ ጥርት ያለ ነው። በመንገዱ ጫፍ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እትዬ ዘነበች ዱካቸው ላይ። ካሜራው ዓይኑን ገልጦ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ንቅንቅ አላሉም። እየተፍለቀለቅሁ ሥራ ገባሁ፤ ለደንበኞቼ ሁሉ ከመድኃኒቱ በፊት ፎቶውን አሳየሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ የግቢያችን ጣሪያ የለም። አሮጌው ቆርቆሮ መሬት ላይ ተከምሯል፤ አዲሱ እንደታሰረ ግድግዳ ተደግፏል። ማገሩ ብቻ ሰማይ ስር ቀርቷል። ቶሎሳ መዶሻውን ከረጢት ውስጥ ይከታል። እትዬ ዘነበች ሲያዩኝ ከዱካቸው ተነሱ።

«ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ» አሉኝ።

ዞሬ ኋላዬን አየሁ። ማንም የለም። እትዬ ዘነበች የውሃ ቆጣሪ የሚያነበውን ሰው አንቱ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔን ግን አንተ ነው የሚሉኝ፤ ሲቆጡ ደግሞ «አንተ ልጅ»። 

«ምነው እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምን ያጠፋሉ፣ ሥራዎ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ክረምቱ እስኪወጣ አያንሱን።»

ፎቶ መነሳት የፈሩ መሰለኝ። በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ካሜራ ሲያይ ይሽኮረመማል፤ ማግባባት ነው። «ኧረ እትዬ፣ እርስዎን እኮ ጠዋት አንስቼዎታለሁ» አልኳቸው።

«ጠዋት?»

«አዎ፣ እዚሁ በር ላይ እንደተቀመጡ።»

«ሳይነግሩኝ?»

«ሰው ሳያውቅ ሲነሳ ነው የሚያምረው።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። ቶሎሳ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አደረገና በትዝብት አየኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ ደግ አይደለም» አለኝ። «እኔም እንጀራዬ ነው። ለሚነሳ ቤት ምን ብዬ ሚስማር ልምታ?» ብሎ ወጣ።

የሚነሳ ቤት። ያኔ ነው የገባኝ። ጋሽ ክፍሌ ኮፍያቸውን ለምን እንዳወለቁ፣ «ምትክ» ያሉት ባትሪ ሳይሆን ምትክ ቦታ እንደሆነ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣልኝ። ቋንቋችን ለፎቶውም፣ ለዕቃውም፣ ለሰፈሩም አንድ ማንሳት ብቻ መስጠቱን ዕድሜዬን ሙሉ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

«ፎቶ እኮ ነው እትዬ» አልኳቸው። «ፎቶ።»

«ይታወቃል፤ በፎቶ ነው የሚጀመረው» አሉ። «ቀይ ቀለሙስ?»

«ማቆሚያው የሚያርፍበት ነው።»

«ቱምቢውስ?»

«የጋሽ ክፍሌ ሚዛን ነው።»

«ጋሽ ክፍሌም አሉበት በሉኛ» አሉና አንገታቸውን ደፉ። «መድኃኒት ቤቱ ላይ ቅየሳ እንደደረቡ እኮ ሰምተናል።» በዚህ ከተማ አንድ ሥራ ብቻ ያለው ሰው ስለሌለ ይህን ማንም አልተጠራጠረም። ቀና ስል በእንጦጦ በኩል ደመናው ተከምሯል። ከእሱ በታች የእትዬ ዘነበች አልጋ፣ ሶፋና ቁም ሳጥን ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ቁጭ ብለዋል። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ወሬው ከተነሳበት ቦታ ላጥፋው ብዬ ወደ ጋሽ ክፍሌ ሱቅ ሮጥኩ። ግማሹ ሰፈር እዚያ ቆሟል። «ጎረቤቶቼ፣ ፎቶ ብቻ ነው፤ ይኸው እዩት» ብዬ ካሜራውን ዘረጋሁ።

ያን ዕለት ከሠራሁት ስሕተት ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ተራ በተራ አዩት። ሰፈራቸው አረንጓዴ ሆኗል፤ ሰው የለበትም።

ጋሽ ክፍሌ መነጽራቸውን አደረጉ። «ይሄ የኔ ሱቅ ነው» አሉ በቀስታ። «እኔ ጠዋት በሩ ላይ ነበርኩ። የት አለሁ?»

«ተንቀሳቅሰው ነው ጋሼ። የሚንቀሳቀስ ይጠፋል።»

«ሱቁን ትቶ እኔን ብቻ አጠፋኝ?»

«እዚህ አንድ ሰው ቀርቷል» አለ ከኋላ የሚያይ ጎረቤት። ሁሉም አጎነበሰ። «እትዬ ዘነበች ናቸው።»

ጋሽ ክፍሌ ቀና ብለው አዩኝ። «ተከራያቸው ስለሆንክ ነው?» አሉኝ። «በዘመድ ሆነ ማለት ነው።»

ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ብርሃን፣ ስለ ካሜራ ዓይን፣ ስለ በያጁ መስታወት አወራሁ፤ ባወራሁ ቁጥር ፊታቸው ይጨልማል። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጬ «ጋሼ፣ ራስዎን እንሞክር። ሱቅዎ በር ላይ ይቁሙና አይንቀሳቀሱ፤ ከታዩ ይመኑኝ» አልኳቸው። እሺ አሉ። ቆሙ፤ ግን በመሐሉ አንድ ሰው ስኳር ፈልጎ መጣ። ጋሽ ክፍሌ ከአንገታቸው በላይ እንደ ሐውልት ደርቀው በእጃቸው ብቻ መዘኑለት።

ፎቶው ላይ ጋሽ ክፍሌ አሉ። ኮፍያቸው አለ፣ መነጽራቸው አለ፣ ሹራባቸው አለ። ክንዳቸው የለም።

«እጄስ?»

«ሚዛን ላይ ነበራ።»

እጃቸውን ከፍ አድርገው አዩት፤ ወደ ፎቶው ተመለሱ፤ ደግመው እጃቸውን አዩት። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር በፊታቸው ላይ መጣ። ያችን መልክ አውቃታለሁ፤ እኔ የሽሮፕ ክዳን ስይዝ የምትመጣብኝ መልክ ናት። «ቆይ» አሉ፤ «አንድ እግሬን ብቻ ባነቃንቅስ?» ከኋላቸው የቆመው ደግሞ «በግ ቢሆንስ?» አለ። «ጭስስ?» «ተኝቶ የሚያንኮራፋ ሰውስ?» ለካ ሰፈሩ በሙሉ የእኔ ቢጤ ነበር፤ የሚጠይቀው ነገር አጥቶ ነው። ፍርሃቱ የት እንደገባ አላወቅሁም።

ደመናው ግን ጥያቄያችንን አይጠብቅም። ጋሽ ክፍሌ እትዬ ዘነበችን ሊያሳምኑ ወደ ግቢው ሲሄዱ እኔ ቶሎሳን ፍለጋ ወደ ፌርማታው ሮጥኩ። ማቆሚያውን ጥዬ መሄድ ስለፈራሁ ትከሻዬ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ብረቱ ጀርባዬን እየደለቀኝ ነው። በታችኛው ሰፈር ስሮጥ አንዲት ሴትዮ ደጃቸውን ሲሚንቶ ሲያስለስኑ አይተውኝ ለሠራተኛው «ተወው፣ አቁም» ሲሉት ሰማሁ። ያ ደጃፍ እስካሁን እንዳልተለሰነ ነግረውኛል። ሌላ ቀን ሄጄ አስረዳለሁ፤ ካሜራውን ሳልይዝ።

ቶሎሳን ሰው እስኪሞላ በሚጠብቅ የአስኮ ታክሲ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጦ አገኘሁት። ፎቶ መሆኑን፣ ሰው መጥፋቱን፣ የጋሽ ክፍሌን ክንድ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ካሜራውን ተቀብሎ በጥንቃቄ አየ።

«እኔ ጣሪያው ላይ ነበርኩ» አለ። «የለሁም።»

«ስትሠራ ስለነበር ነው።»

«ሴትዮዋ ካላዘዙኝ አልመለስም።»

ለእትዬ ዘነበች ስልክ ደወልኩ። ጋሽ ክፍሌ አጠገባቸው ሆነው ሲያስረዷቸው ይሰማኛል፤ እትዬ ግን ቀላል ሰው አይደሉም። «ጠዋት እኔ ብቻ ቀርቼ ሰፈሩ ጠፋ አሉኝ» አሉ በስልኩ። «ብቻዬን ቀርቼ ጣሪያ ምን ያደርግልኛል? ሰፈሩ ካለ፣ በዚያው መሣሪያዎ ሁሉም ሰው ይታየኝ። ያኔ ቶሎሳ ይምታ።» ድምፁ ከስልኩ ስለሚወጣ ታክሲው በሙሉ ሰምቷል። ቶሎሳ ከረጢቱን አንስቶ ወረደ። ረዳቱም ቢሆን የፎቶውን መጨረሻ ለማወቅ ዓይኑ ቀርቶ ነበር።

ስንመለስ ሰው ወንበር፣ አግዳሚ፣ ጄሪካን እያወጣ መንገዱን ሞልቶታል። እትዬ ዘነበች ከፊት ዱካቸው ላይ አሉ። ጋሽ ክፍሌ ሱቃቸውን ዘግተው፣ እጃቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ማቆሚያዬን ቀዩ ምልክት ላይ አቆምኩ።

«እሺ፣ አሁን ላነሳችሁ ነው» አልኩ። «እባካችሁ ማንም እንዳይነሳ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ እየተቀባበለ ፊት እስኪደርስ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ሆዱን ያዘ። እትዬ ዘነበች ብቻ አልሳቁም፤ ከወዲያ ወዲህ ያዩ ነበር። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ የሚስቅ ሰው ፎቶው ላይ አይያዝም። ከዚያ ገመዱን ጫንኩ፤ ሰማዩ ስለጠቆረ ካሜራው ከጠዋቱ እጥፍ ድርብ ዓይኑን ገልጦ መቆየት ነበረበት።

የኮልፌን ዝምታ ሰምታችሁ አታውቁም። እኔም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። የሚናገር የለም፣ የሚያልፍ የለም፤ የቶሎሳ መዶሻ ብቻ ከጣሪያው ላይ ይሰማል። እትዬ ዘነበች ገመዱ ሲጫን አይተው፣ አፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ «ምታ» ብለውት ነበር፤ ዝናቡ ቀርቧልና ፎቶው እስኪያልቅ መጠበቅ አልቻሉም። ቆርቆሮው አንድ በአንድ ከማገሩ ላይ ያርፋል። እዚያ ቆሜ አንድ በአንድ አየኋቸው። ባዶውን ለማየት የጓጓሁለት መንገድ ይሄ ነበር።

የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲመታ ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ሰው ወንበሩን ጥሎ አዲሱ ጣሪያ ሥር ገባ። ሳሎኑ ውስጥ ጭንቅ ብለን፣ ከላይ ቆርቆሮው እየተንጫጫ፣ ካሜራውን ለእትዬ ዘነበች ሰጠኋቸው።

ሁሉም አሉ። አረንጓዴ ናቸው፤ ግን አሉ። ጋሽ ክፍሌ ሁለቱንም እጃቸውን አግኝተዋል። እትዬ ዘነበች በጣታቸው ሰውን አንድ በአንድ እየጠቆሙ ሄዱ፤ ትከሻቸው ቀስ በቀስ ሲወርድ ይታየኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ጣሪያቸው ላይ ደረሱ።

«ቶሎሳስ?»

«እሱ ሲሠራ ስለነበር አልተያዘም።»

«ቆርቆሮዬ ይታያል» አሉ ወደ ላይ ቀና ብለው። የሚያፈስ ነገር ፈልገው አጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ?»

አንተ አሉኝ። ደስ አለኝ። «እኔማ አንሺው ነኝ እትዬ፤ አልታይም።»

«እንግዲያ ከሰፈሩ የተነሳኸው አንተ ብቻ ነህ በለኛ» አሉ።

ጋሽ ክፍሌ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያከራዩኝ ሴትዮ ናቸው የሚናገሩት፤ ያን ቀን ያደረግሁባቸውን ሳስበው ዕቃዬን በምን እንደማጓጉዝ ማሰላሰል ጀምሬ ነበር። ፊታቸውን አየሁ፤ ሠራተኛ ሲቆጣጠሩ የሚያደርጉት ያ ዓይን ነው፤ አይርገበገብም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሬን አንኳኩ። ነጠላቸውን እንደለበሱ ዱካቸውን አንጠልጥለው ይዘዋል። በሩ ላይ አስቀመጡልኝና «ቁጭ በል» አሉ፤ «ገመዱን እኔ ልያዘው።» ማቆሚያውን ቀዩ ምልክት ላይ አቆምኩላቸው፣ የሚጫነውን አሳየኋቸው፣ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አንተ ልጅ፣ እንዳትነሳ» አሉኝ።

እስካሁን አልተነሳሁም።